16 ሚሊሜትር ፒን በ11 ማይክሮን ውስጥ፦ በሲኤንሲ ቶርኖ ልክ ለመያዝ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ለሕክምና ዕቃ የሚሆን ፒን ወይም ቡሽ በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ) ቶርኖ ሲሠራ አንድ ዓይነት ችግር ይደጋገማል። የመጀመሪያው ቁራጭ ልክ ይሆናል። አምስተኛው ይወፍራል። ከሰዓት በኋላ "እሰይ፣ ገባ" ተብሎ የተቀመጠው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ሲለካ ቀጥኖ ይገኛል። ከዚያ ኦፍሴቱን፣ ማለትም የመሣሪያውን የልክ ማስተካከያ ቁጥር፣ መነካካት ይጀመራል። ውድ ብረትም ወደ ውዳቂ ሳጥን ይገባል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ልኩ የሚጠፋው ኢንሰርቱ (የሚቆርጠው ምላጭ) ብረቱን ከመንካቱ በፊት ወይም ቁራጩ ከወጣ በኋላ ነው። በሙቀት፣ በአያያዝና በአለካክ ይጠፋል። ስለዚህ እዚህ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ብዙ አልልም፤ እሱን ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልደራደርም። አንድ ደረጃ ከዘለላችሁ የሚቀጥለው ደረጃ ዋጋ የለውም።

የምንሠራው ክፍል

ለሆስፒታል አልጋ መገጣጠሚያ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ወይም ለፊዚዮቴራፒ መሣሪያ የሚሆን ባለ ትከሻ ፒን እንውሰድ።

- ብረት፦ 316ኤል ስቴንለስ፣ 25 ሚሊሜትር ክብ ዘንግ
- ዋናው ውፍረት፦ 16 ሚሊሜትር፣ የልክ ወሰኑ በትንሽ ፊደል ኤች6፣ ማለትም ከ15.989 እስከ 16.000፣ ርዝመቱ 40
- ትከሻ፦ ውፍረቱ 22፣ ርዝመቱ 8
- የመሃል ቀዳዳ፦ 8 ሚሊሜትር፣ የልክ ወሰኑ በትልቅ ፊደል ኤች7፣ ማለትም ከ8.000 እስከ 8.015፣ ጥልቀቱ 25
- የገጽ ልስላሴ፦ አርኤ 0.8 (የገጹ አማካይ ሻካራነት በማይክሮን)

የማትሠሩት ክፍል

ሰው ሰውነት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ዕቃ በዚህ መመሪያ አትሥሩ። አውሮፕላን ላይ የሚገጠምም እንዲሁ። የመጀመሪያው እንደ አይኤስኦ 13485 ያለ የጥራት ሥርዓት፣ ሁለተኛው ኤኤስ 9100 (የአቪዬሽን የጥራት ሥርዓት) እና የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። ልኩን መያዝ ብቻውን አይበቃም። "ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ቶሎ ሥራልኝ" የሚል ቢመጣ እምቢ በሉ። እጃችሁን ግን በዚያው ጥንቃቄ ማሠልጠን ትችላላችሁ፤ የሚከተለው አሠራርም ለዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ብረቱን እወቁ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘንግ ላይ የሙቀት ቁጥር መኖሩን እዩ። ይህ ቁጥር ብረቱ የቀለጠበትን ዙር ያሳያል። ከፋብሪካው የምስክር ወረቀት ጋር መመሳሰል አለበት። ወረቀቱ ከሌለ ብረቱ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ማግኔት አያታልላችሁ። 304ም 316ም ማግኔት እምብዛም አይስባቸውም። ስለዚህ በማግኔት ሁለቱን መለየት አይቻልም። ከቁራሌ የተገዛ "ስቴንለስ" ደግሞ ጨርሶ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ለበር እጀታ ይሁን፤ ለሕሙማን ዕቃ አይሁን።

ዘንጉን ስትቆርጡ ቁጥሩ ያለበትን ጫፍ መጨረሻ ላይ ተጠቀሙበት። በቀሪው ቁራጭ ላይ ደግሞ ቁጥሩን በማርከር ገልብጡ።

ደረጃ 2፦ መብራቱን አዘጋጁ

መብራት እንደሚሄድ አስባችሁ ጀምሩ።

1. ትሪ ፌዝ መስመሩ ላይ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ መኖሩን አረጋግጡ። አንድ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያድነው እሱ ነው።
2. የኮንትሮሉን ባትሪ ዕድሜ መዝግቡ። ባትሪው ሞቶ መብራት ከሄደ ፓራሜትርና የማሽኑ ዘንጎች (የኤክስና የዜድ) ቦታ ሊጠፋ ይችላል። ባትሪ የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ ነው። አጥፍቶ መቀየር ያንኑ የተፈራውን ችግር ያመጣል። የማሽናችሁን ማንዋል አንብባችሁ ቀይሩ።
3. ፓራሜትሩን፣ ፕሮግራሙንና የኦፍሴት ገጹን ኮፒ አድርጋችሁ ከማሽኑ ውጪ አስቀምጡ። ኦፍሴቱን በደብተርም ጻፉት።
4. ፕሮግራሙን በመሣሪያ ከፋፍሉት። እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መስመር ቁጥር ይጀምር። የመሣሪያ ጥሪው፣ የፍጥነት ጣሪያው፣ የስፒንድል (ብረቱን የሚያዞረው ክፍል) ትዕዛዙና ኩላንቱ (ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) በየክፍሉ ይደገሙ። መብራት ሲመለስ ከመሃል መጀመር የምትችሉት እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ሙቀቱን አንድ አድርጉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

በዓለም ላይ ልክ የሚጻፈው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋት ይበርዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ወርክሾፕ ይግላል። 316ኤል ለእያንዳንዱ ዲግሪ በአንድ ሜትር 16 ማይክሮን ያህል ይለጠጣል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። አሁን ሒሳቡን ሥሩ። ከማሽን የወጣ 16 ሚሊሜትር ፒን ከመለኪያው በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 7.7 ማይክሮን ይወፍራል። ያላችሁ ሙሉ ቦታ 11 ማይክሮን ነው። ሲሞቅ "ልክ ነው" ያላችሁት ፒን ሲበርድ ከታችኛው ወሰን ሊወጣ ይችላል። በማግሥቱ ጠዋት ቀጥኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

"ኤር ኮንዲሽነር የለንምና አንችልም" አትበሉ። ፒኑም ማይክሮሜትሩም ሁለቱም 26 ዲግሪ ላይ ከሆኑ የሚፈጠረው ስሕተት ከግማሽ ማይክሮን በታች ነው። የማይክሮሜትሩ ብረትም አብሮ ስለሚለጠጥ ነው። ዋናው ነገር ቁራጩ፣ መለኪያውና ማስተካከያው (መለኪያው የሚፈተሽበት ጌጅ ብሎክ) እኩል መሞቃቸው ወይም እኩል መብረዳቸው ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. መለኪያ ጠረጴዛውን ከመስኮትና ከበር አርቁት። ፀሐይ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ለዚህ ሥራ አይሆንም።
2. ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የብረት ወይም የግራናይት ጠፍጣፋ አኑሩ። ማይክሮሜትሩ፣ ማስተካከያው እና የሚለኩት ቁራጮች በሙሉ እሱ ላይ ይቀመጡ።
3. ማይክሮሜትር በእጅ ጨብጣችሁ አትቆዩ። የእጅ ሙቀት ፍሬሙን ይለጥጠዋል። ማቆሚያ ላይ እሰሩት፤ ከሌለ የፕላስቲክ መያዣውን ብቻ ንኩ።
4. ማሽኑን ለ20 ደቂቃ ያህል ባዶውን አሠሩት። ስፒንድሉ በምትቆርጡበት ፍጥነት ይዙር፣ ዘንጎቹም ወዲያ ወዲህ ይመላለሱ፣ ኩላንቱም ይፍሰስ። ስፒንድሉን ብቻ ማዞር አይበቃም፤ ልኩን የሚያንቀሳቅሰው የኤክስ ዘንግ ስክሪው ሲሞቅ ነው።
5. ለምሳ ቆማችሁ ስትመለሱ ይህንኑ ለጥቂት ደቂቃ ድገሙ። ከምሳ በኋላ የወጣ የመጀመሪያ ቁራጭ ሳይለካ አይታመንም።

ኩላንት

ለስቴንለስ ከ7 እስከ 10 በመቶ አድርጉት። በዓይን አይገመትም፤ በሪፍራክቶሜትር (የድብልቁን መጠን በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ዘይቱን ወደ ውሃው አፍስሱ፤ ውሃውን ወደ ዘይቱ አታፍስሱ። የከተማው የአንገረብ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ደፍርሶ የሚመጣውን ወደ ታንከሩ አታስገቡ። በበርሜል አጠራቅማችሁ ሲጠል ተጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ መለኪያውን ፈትሹ

ካሊፐር ወደ ጎን ይቀመጥ። 0.02 የሚያነብ መሣሪያ 0.011ን ሊፈርድ አይችልም። 0.001 የሚያነብ ማይክሮሜትር ያስፈልጋችኋል። ለቀዳዳው ደግሞ ገቢና የማይገባ ጫፍ ያለው ፕለግ ጌጅ።

- የማይክሮሜትሩን ሁለት ፊቶች በንጹሕ ወረቀት ጥረጉ። ወረቀቱን በቀስታ ቆንጥጣችሁ ሳቡት።
- ዜሮውን ብቻ አትመልከቱ። ወደ 16 የሚጠጋ ጌጅ ብሎክ (ልኩ በትክክል የታወቀ ብረት) አስገብታችሁ እዩ። የምትለኩት እዚያ ቦታ ላይ ነው።
- ሁልጊዜ በራቸቱ (ጫፉ ላይ ባለው ተንቀጫቃጭ ማዞሪያ) አጥብቁ። ሁልጊዜ እኩል ጊዜ ይንቀጫቀጭ።
- አንዱን ፒን አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ ይለካው። ንባቡ ከ3 ማይክሮን በላይ ከተለያየ ማሽኑን አትንኩ። የሚስተካከለው አለካኩ ነው።

ይህን የአሥር ጊዜ ፈተና ብዙዎች እንደ ጊዜ ማባከን ያዩታል። እኔ ግን ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

በክረምት ጌጅ ብሎክ እርጥበት ይበላዋል። ሥራ ሲያልቅ አጽድታችሁ ቀጭን ዘይት ቀቡት። በእጅ ላብ የተነካ ብሎክ በአንድ ሌሊት ሊዝግ ይችላል።

ደረጃ 5፦ አያያዝና መሣሪያ

1. የቻኩን (ዘንጉን የሚጨብጠውን) መንጋጋዎች አውልቃችሁ ሥራቸውን አጽዱ። አንድ ቀጭን ቺፕ ከመንጋጋ ሥር ከተቀመጠ ፒኑ ይወላገዳል።
2. ዘንጉ ከቻኩ 60 ሚሊሜትር ያህል ይውጣ። ያለ ኋላ ድጋፍ ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ በላይ ማውጣት መዘዝ ያመጣል።
3. ለስቴንለስ የተሠራ ኢንሰርት ውሰዱ። ሳጥኑ ላይ "ኤም" የሚል ቢጫ ምልክት አለው። ለሻካራው የአፍንጫ ክበቡ 0.8፣ ለመጨረሻው 0.4 ይሁን።
4. ለመጨረሻው ቆረጣ ኢንሰርት ለብቻው ያዙ። ሻካራ የቆረጠ ጥግ የመጨረሻውን አይቁረጥ።
5. ሪመሩ (የተበሳ ቀዳዳን ወደ ልኩ የሚያመጣው መሣሪያ) የሚገባበትን የተረት (መሣሪያዎቹን የሚይዘው ክፍል) ቀዳዳ መሃሉን ፈትሹ። ዳያል ኢንዲኬተሩን ቻኩ ላይ አስራችሁ በእጅ እያዞራችሁ ቀዳዳውን ዙሩት። ከመሃል ከወጣ ሪመሩ የቀዳዳውን አፍ ያሰፋዋል። ካልተስተካከለላችሁ ሪመሩን በፍሎቲንግ ሆልደር (ትንሽ በሚላወስ መያዣ) ያዙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ስፒንድል ሲዞር ጓንት አታድርጉ። የስቴንለስ ቺፕ ረጅምና ስለታም ነው፤ ጓንቱን ይዞ እጅን ይጎትታል። ቺፕ የሚወጣው ማሽኑ ቆሞ፣ በመንጠቆ ነው። በኮምፕረሰር አየር አትንፉ፤ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 6፦ ሻካራው

ፊቱን አስተካክሉ። ከዚያ ከ25 ወደ 16.8 በሦስት ዙር ውረዱ፤ በየዙሩ ጥልቀቱ በአንድ ጎን 1.4 ያህል ይሁን። የቆረጣ ፍጥነት በደቂቃ 140 ሜትር ነው፤ ይህ በ25 ውፍረት ላይ ወደ 1,780 ዙር ይመጣል። ፊድ (መሣሪያው በአንድ ዙር የሚራመደው) 0.2 ሚሊሜትር።

ቋሚ የገጽ ፍጥነት፣ ማለትም ጂ96፣ ስትጠቀሙ በጂ50 ጣሪያ ማድረግ አትርሱ። ጣሪያው ቻኩ ላይ ከተጻፈው በታች ይሁን። ትከሻውንም በዚሁ ጊዜ ጨርሱት፤ እሱ ይህን ያህል ጥብቅ አይደለም።

316ኤል ሲታሽ ይጠነክራል። መሣሪያው ብረቱን እየነካ ሳይቆርጥ እንዲቆም አትፍቀዱ። ውፍረት ስትቀንሱ ፊዱን ከ0.05 በታች አውርዳችሁ "ቀስ ይበልልኝ" አትበሉ። ቀስ ማለት ገጹን ያጠነክረዋል፣ የሚቀጥለው ጥግም ይሰበራል።

ደረጃ 7፦ ቀዳዳው ከመጨረሻው ውፍረት በፊት

ብዙዎች ውፍረቱን ጨርሰው ቀዳዳውን ይበሳሉ። ገልብጡት። ፑንታ ብረቱን ያሞቃል፣ ይገፋልም። ያለቀ ገጽ ከነበረ ልኩ እዚያው ይሄዳል።

1. በአጭር ሴንተር ፑንታ መሃሉን ምልክት አድርጉ።
2. በ7.8 ኮባልት ፑንታ 31 ሚሊሜትር ጥልቀት ብሱ። በደቂቃ 610 ዙር ያህል፣ ፊድ 0.1። በጂ83 እየወጣ እየገባ ይብሳ፣ ቺፑ ይውጣ። ተጨማሪው 6 ሚሊሜትር የሪመሩ ጫፍና ቺፑ የሚያርፉበት ነው።
3. ቀዳዳውን በኩላንት እጠቡ። ቺፕ የቀረበት ቀዳዳ ውስጥ ሪመር አታስገቡ።
4. ሪመሩን በ240 ዙር፣ በ0.12 ፊድ አስገቡ። ጥልቀቱ ላይ ሲደርስ ሳይቆም ይመለስ። ስፒንድሉን ግን በፍጹም ወደ ኋላ አታዙሩ፤ የሪመሩ ጥርስ ይነቀላል፣ ገጹም ይቧጨራል።

ፕለግ ጌጁን ማሽኑ ላይ እንዳለ ሞክሩ፤ መጀመሪያ ግን ቁራጩ ይብረድ። ገቢው ጫፍ ያለ ኃይል ይግባ። የማይገባው አፉ ላይ ይቁም። ገቢው ጫፍ ከተቸነከረ አትምቱት፤ ኩላንት አፍስሳችሁ እያዞራችሁ አውጡ።

ቀዳዳው ከሰፋ ሪመሩ ከመሃል ወጥቷል ወይም ጥርሱ ላይ ብረት ተጣብቋል። ከጠበበ ሪመሩ ደንዝዟል ወይም የምትለኩት ትኩሱን ነው።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ውፍረት፣ በሁለት እኩል ቆረጣ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ብዙ ሰው ሻካራ ሲቆርጥ ይለካል፣ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚያ ልኩ ለምን እንደተሳሳተ ይገረማል። መሣሪያውና ብረቱ በቆረጣ ጊዜ ትንሽ ይገፋፋሉ። ጥልቅ ሲቆረጥ የሚገፋው ቀጭን ሲቆረጥ ከሚገፋው ይለያል። ስለዚህ የመለኪያው ቆረጣና የመጨረሻው ቆረጣ እኩል ጥልቀት ሊኖራቸው ይገባል።

1. ፕሮግራሙ ላይ 16.000 ብላችሁ አትጻፉ። የወሰኑን መሃል ጻፉ፤ 15.995።
2. የመጨረሻውን መሣሪያ የኤክስ ዌር ኦፍሴት (ለመሣሪያ መበላት የሚደረግ ማስተካከያ) ላይ 0.400 ጨምሩ። ጂኦሜትሪውን (የመሣሪያውን መሠረታዊ ልክ) አትንኩ፤ ለዕለት ማስተካከያ ዌር ገጹ ብቻ ነው።
3. የመጨረሻውን ፕሮግራም አሂዱ። የቆረጣ ፍጥነት በደቂቃ 150 ሜትር፣ በ16 ላይ ወደ 2,980 ዙር። ፊድ 0.08። ከ16.8 ወደ 16.4 ያህል ይወርዳል።
4. ስፒንድሉን አቁሙ። የክፍሉን ሙቀት የያዘ ኩላንት ለአንድ ደቂቃ ያህል ቁራጩ ላይ አፍስሱ። ጥረጉት።
5. ሦስት ቦታ ለኩ፦ ጫፉ ላይ፣ መሃሉ ላይ፣ ትከሻው አጠገብ። 16.395 መሆን ነበረበት።
6. ልዩነቱን አስሉ። ለምሳሌ 16.403 ካነበባችሁ 8 ማይክሮን ወፍሯል። ዌር ገጹ ላይ የነበረውን 0.400 አንሱና ሌላ 0.008 ቀንሱ። ገጹ ላይ የሚቀረው ከዜሮ በታች 0.008 ነው።
7. ይህንኑ ፕሮግራም፣ በዚሁ ፍጥነትና ፊድ፣ ድገሙት። ምንም አትቀይሩ።
8. አብርዳችሁ ለኩ።

ለምን 0.08 ፊድ? በ0.4 አፍንጫ የሚቀረው ጉብታ ከፍታ 2 ማይክሮን ያህል ነው፤ አርኤው ወደ 0.5 ይጠጋል። ፊዱን 0.15 ብታደርጉት አርኤው 1.8 አካባቢ ይሄዳል፣ ከሥዕሉ ይወጣል።

መጨረሻ ላይ 3 ማይክሮን ወፍሮ ቢቀር በብርጭቆ ወረቀት አታሹት። ክቡ ይበላሻል፣ የወረቀቱ ብናኝም ገጹ ውስጥ ይቀራል። 3 ማይክሮን ለመቁረጥም አትሞክሩ፤ ኢንሰርቱ ያሻል እንጂ አይቆርጥም። ቁራጩ ወደ ውዳቂ ሳጥን ይግባ፣ ቀጣዩን አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ መቁረጥና መገልበጥ

በ3 ሚሊሜትር መቁረጫ ለዩት። ፊድ 0.05፤ ወደ መሃሉ ሲጠጋ ግማሽ አድርጉት። ቁራጩ ቺፕ ላይ እንዳይወድቅ ከሥሩ ፕላስቲክ የተነጠፈበት መቀበያ ይኑር። አንድ ጭረት የስንት ሰዓት ሥራ ያጠፋል።

ለሁለተኛው ፊት ለስላሳ መንጋጋ ተጠቀሙ። መንጋጋውን ቀለበት አስጨብጣችሁ፣ ፒኑን በምትይዙበት ግፊት፣ 16.01 ያህል አድርጋችሁ ብሱት። ግፊቱ ከተለየ ክቡ ልክ አይሆንም። ፒኑን ያዙና ትከሻው ላይ በዳያል አዙሩ፤ ከ0.01 በላይ ከተወዛወዘ አውጥታችሁ አጽዱና እንደገና ያዙ። ከዚያ የትከሻውን ፊት ወደ 8 አውርዱ።

ደረጃ 10፦ ጠርዝና ጽዳት

ስለታሙን ጠርዝ ሁሉ አንሱ፤ በተለይ የቀዳዳውን አፍ። የሕክምና ዕቃ ላይ የቀረ ስለት ጓንት ይቀድዳል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ተራ ብረት የነካ ሞረድ ወይም የሽቦ ቡሩሽ ስቴንለስ ላይ አይድረስ። ጥቃቅን የተራ ብረት ብናኝ ገጹ ላይ ይቀራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። "ስቴንለሱ ዛገ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ለስቴንለስ የተለዩ መሣሪያዎችን ቀለም ቀቡባቸው።

በሳሙናና በሞቀ ውሃ እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ቀጥሎ በሲትሪክ አሲድ ፓሲቬት አድርጉ፤ ገጹ ዝገትን እንዲቋቋም የሚያደርግ ማጠብ ነው። ኤኤስቲኤም ኤ967 ከሚፈቅዳቸው አንዱ በክብደት ከ4 እስከ 10 በመቶ ድብልቅ፣ ከ21 እስከ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ነው። መነጽርና የጎማ ጓንት አድርጉ። ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ዘይት ያለበት ቁራጭ አሲድ ውስጥ አይግባ፤ አሲዱ ዘይት አያነሳም።

መብራት መሃል ላይ ቢሄድ

1. ዋናውን ማብሪያ አጥፉ። መብራት ሲመለስ ማሽኑ በድንገት እንዳይነሳ።
2. መብራት ሲመጣ ወዲያው አታብሩ። ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሦስቱንም ፌዝ ለኩ።
3. ስታበሩ የኩላንት ፓምፑንና የሃይድሮሊክ ግፊቱን እዩ። ኩላንቱ ከደከመ፣ ግፊቱም ካልወጣ፣ መስመሩ ላይ ፌዝ ተገላብጦ ይሆናል። ትራንስፎርመር ከተጠገነ በኋላ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አጥፉ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።
4. ሳይክል ስታርት አትጫኑ። መሣሪያው ብረቱ ውስጥ ከቆመ በእጅ ዊሉ መጀመሪያ በኤክስ፣ ከዚያ በዜድ አርቁት። ፑንታ ወይም ሪመር ከሆነ ግን በዜድ ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ።
5. ማሽናችሁ የሚጠይቅ ከሆነ ወደ ሪፈረንስ ላኩት። ኦፍሴቱን ደብተር ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።
6. ማሽኑን እንደገና አሙቁ። ከዚያ ከመሣሪያው መጀመሪያ መስመር ጀምሩ።

በመጨረሻው ቆረጣ መሃል ከተቋረጠ ያ ቁራጭ አይድንም። ቆሞ የነበረበት ቦታ ላይ ቀለበት ይቀራል።

ልኩ ሲጠፋ ምክንያቱን መለየት

*በየቁራጩ በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይወፍራል።* ኢንሰርቱ እያለቀ ነው ወይም ማሽኑ እየሞቀ ነው። ለ15 ደቂቃ አቁሙና አንድ ቁራጭ ሥሩ። ልኩ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ሙቀት ነው። ባለበት ከቀጠለ ጥጉን ቀይሩ።

*አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ሥርዓት የለውም።* ኦፍሴት አትንኩ። መጀመሪያ የአሥር ጊዜ ልኬቱን ድገሙ። ከዚያ መንጋጋ ሥር ቺፕ ፈልጉ፣ ኢንሰርቱ መቀመጫው ላይ መጥበቁን እዩ፣ ተረቱ መቆለፉን እዩ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ኦፍሴት የሚቀይር ሰው ልዩነቱን ያባብሰዋል።

*ነፃው ጫፍ ወፍራም፣ ቻኩ አጠገብ ቀጭን።* ብረቱ ከመሣሪያው እየሸሸ ነው። አጭር አድርጋችሁ ያዙ፣ የተሳለ ጥግ አስገቡ ወይም በሴንተር ደግፉ። ተቃራኒው ከሆነና ከሁሉም ቁራጭ ላይ ከታየ የማሽኑ አሰላለፍ ይፈተሽ፤ በፕሮግራም አትሸፍኑት።

*ማይክሮሜትሩ ልክ ይላል፣ ቀዳዳው ውስጥ ግን አይገባም።* ፒኑ ሦስት ማዕዘን ቢጤ ሆኗል። ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ሲጨመቅ ይህን ያደርጋል። ሁለት ነጥብ የሚነካ ማይክሮሜትር ይህን አያይም። ቪ ብሎክ ላይ አኑራችሁ በዳያል ሥር አዙሩት። የቻኩን ግፊት ቀንሱ።

*ገጹ ይንቀጠቀጣል፣ ሞገድ ይታያል።* የወጣውን ርዝመት አሳጥሩ። ዙሩን ቀንሱ። ፊዱን ትንሽ ጨምሩ እንጂ አትቀንሱ።

ደረጃ 11፦ መዝገብና ርክክብ

ቁራጮቹ ከማይክሮሜትሩ ጋር ጠፍጣፋው ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ከዚያ የመጨረሻውን ልኬት ውሰዱ። ይህ እንጂ ማሽኑ ላይ ያነበባችሁት አይመዘገብም።

ለእያንዳንዱ ፒን ጻፉ፦ የብረቱን የሙቀት ቁጥር፣ ቀኑን፣ የሠራውንና የለካውን ሰው፣ በሦስት ቦታ የተነበበውን ውፍረት፣ የቀዳዳውን ውጤትና የክፍሉን ሙቀት። ከተቻለ የሠራው ሰው ብቻውን አይለካ።

የወደቀ ቁራጭ ቀይ ቀለም ተቀብቶ በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጥ። "ለሌላ ይሆናል" ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ፒን አንድ ቀን ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ማን እንደሚደገፍበት አታውቁም። የተረፉትን ለየብቻ በፕላስቲክ ጠቅልሉ፣ ቁጥራቸውን ለጥፉ፣ የመዝገቡን ቅጂ ከዕቃው ጋር ስጡ፣ ዋናውን ወርክሾፕ ውስጥ አስቀሩ።